የባሕር ወፎችን ከጀልባ ላይ ማየት፦ ለሞንተሬይ ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

በካሊፎርኒያ ከሳን ሆዜ ወይም ከኦክላንድ በሌሊት ተነስቶ የባሕር ዳር ከተማዋ ሞንተሬይ የሚደርስ፣ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ የሚውል፣ ሲመለስ ግን «ጥቁር ነገር በሩቁ አለፈ» ከማለት ሌላ የሚያወራው የሌለው ሰው ብዙ ነው። ወፍ ጠፍቶ አይደለም። አንዳንዱ ሆዱን ሳያዘጋጅ ተሳፍሮ ቀኑን በማስታወክ ያሳልፋል፤ ሌላው ደግሞ ባይኖኩላሩን (የሩቅ ማያ መነጽሩን) ከዓይኑ አስቀድሞ እያነሳ ባዶ ውሃ ሲያይ ይውላል። መመሪያው እነዚህ ሁለቱ ላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ሌላውን በአጭሩ ያልፋል። ቅደም ተከተሉ ለሌላ ባሕርም ይሠራል፤ የወፎቹ ዝርዝር ግን የካሊፎርኒያ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ጀልባውን መምረጥ

እነዚህ ወፎች የብስ የሚረግጡት እንቁላል ለመጣልና ጫጩት ለማሳደግ ብቻ ነው፤ የቀረውን ዕድሜያቸውን ክፍት ውሃ ላይ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ወደ ጥልቁ መሄድ ግድ ነው። ሞንተሬይ የሚመረጠው ጥልቁ ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ሞስ ላንዲንግ ከተባለችው የወደብ መንደር ፊት ለፊት የሚጀምር የባሕር ውስጥ ሸለቆ አለ፣ ወደ ውቅያኖሱ ሲዘልቅ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። እንጦጦን ገልብጦ ውሃ ውስጥ እንደ መክተት ነው።

1. ወሩን ይምረጡ። ለመጀመሪያ ጉዞ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በእኛ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት 20 ገደማ። ሺርወተር የተባሉት ወፎች በብዛት ይገኛሉ፣ አልባትሮስም አይጠፋም፣ ስቶርም ፔትረሎች ይሰባሰባሉ (መለያቸው ደረጃ 7 ላይ አለ)። ክረምት (ዲሴምበርና ጃንዋሪ) ፉልማርን የመሰሉ ሌሎች ወፎች ያመጣል፤ ባሕሩ ግን ብዙ ጊዜ ሸካራ ነው፤ ለጀማሪ አይመከርም።

2. የጀልባውን ዓይነት ይለዩ። ሁለት ዓይነት ጉዞ አለ። የዓሣ ነባሪ ማሳያው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል፤ ካፒቴኑ የሚያሳድደው ዓሣ ነባሪ ነው፣ ወፍ ለማየት ብሎ አይቆምም። የወፍ ተመልካቾች ጉዞ ግን ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፤ ወፍ የሚለዩ አስጎብኚዎች አብረው ይሳፈራሉ፣ ጀልባውም ለወፍ ይዞራል። ባሕር ላይ ወጥተው የማያውቁ ከሆነ መጀመሪያ በአጭሩ ሆድዎን ይፈትኑ። 8 ሰዓት ባሕር ላይ ታሞ መዋል ቀልድ አይደለም፤ አንድ ሰው ስላመመው ጀልባ አይመለስም።

3. ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፦ ስንት ሰው ይሳፈራል? ወፍ የሚያሳዩ ስንት ሰዎች አሉ? በማዕበል ምክንያት ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል? የሚቀመጡበት ጣሪያ ያለው ክፍል አለ?

4. ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ቲኬቱ 7:30 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1፡30 ነው። ለአብሮ ሄያጅ በስልክ ሲነግሩ አንዱን ብቻ አይበሉ፤ «ጠዋት አንድ ተኩል፣ በፈረንጅ ሰባት ተኩል» ይበሉ። ጀልባ አይጠብቅም።

5. ከሁለት ቀን በፊት የባሕሩን ትንበያ ይመልከቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለባሕሩ ለብቻው ትንበያ ያወጣል። ሦስት ቁጥር ይፈልጉ፦ የነፋሱን ፍጥነት በኖት (በባሕር የፍጥነት መለኪያ)፣ የማዕበሉን ቁመት በጫማ፣ በሁለት ማዕበሎች መካከል ያለውን ጊዜ በሴኮንድ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁመቱን ብቻ አይቶ ነው። 5 ጫማ ማዕበል በየ12 ሴኮንዱ ከመጣ ጀልባዋ ቀስ ብላ ወጣ፣ ቀስ ብላ ወረድ ትላለች፤ ይቻላል። ያው 5 ጫማ በየ6 ሴኮንዱ ከመጣ ግን እንደ ኮረኮንች መንገድ ያንገጫግጫል። ሴኮንዱ የጫማውን እጥፍ ያህል ከሆነ ደህና ነው ብለው ይያዙት። ነፋሱ ከ20 ኖት ካለፈና ገና ጀማሪ ከሆኑ ቀን መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ጭራሽ ነፋስ የሌለበት ቀንም ለወፍ አይመረጥም፤ አልባትሮስና ሺርወተር የሚንሳፈፉት በነፋስ ነውና ነፋስ ሲጠፋ ውሃ ላይ ቁጭ ይላሉ። ከ10 እስከ 15 ኖት ለሁለቱም ወገን ይመቻል።

ደረጃ 2፦ ሆድን ማዘጋጀት

ይህ ደረጃ ከተበላሸ የቀሩት ሁሉ አይጠቅሙም። መኪና ወይም አውቶቡስ የሚያዞረው ሰው ባሕርም ያዞረዋል ብሎ ማሰብ አለበት፤ የማያዞረውም ዋስትና የለውም፣ ምክንያቱም ባይኖኩላር ይዞ የሚንቀጠቀጥ ዓለም ማየት ከመኪና ጉዞ ይከብዳል።

1. መድኃኒቱን አስቀድመው ይምረጡ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገኙት ሁለት ናቸው። ሜክሊዚን ለአዋቂ ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም፣ ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል፤ በቀን አንዴ ይበቃል። ዳይመንሃይድሪኔት ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም፣ ከመነሳት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰድና በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይደገማል፤ የበለጠ እንቅልፍ ያመጣል። ሦስተኛው ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ነው፤ በአሜሪካ በሐኪም ማዘዣ ብቻ ይገኛል፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ እስከ 3 ቀን ይሠራል። ሁለት መድኃኒት አይደባልቁ።

2. ማስጠንቀቂያ። ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ያለበት፣ ሽንት የሚያስቸግረው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያማክር። ለልጅ የአዋቂ መጠን አይስጡ። ስኮፖላሚን ከነኩ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ በነካ እጅ ዓይንዎን ካሹ የዓይንዎ ብሌን ሰፍቶ ቀኑን ሙሉ ብዥ ይልብዎታል። ወፍ ሊያይ ለመጣ ሰው ከዚህ የከፋ የለም።

3. ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት፣ ሥራ በሌለበትና በማይነዱበት ቀን፣ መድኃኒቱን ቤት ውስጥ ይሞክሩ። የሚያስተኛዎት ከሆነ ቤት ውስጥ ይወቁት።

4. የዋዜማውን ምሽት ይጠብቁ። ክትፎ፣ ቅቤ የበዛበት ወጥ፣ አልኮል ይቅር። በጊዜ ይተኙ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቶሎ ይታመማል።

5. ጠዋት ይብሉ። «ምንም ካልበላሁ የማስመልሰው የለም» የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው፤ ባዶ ሆድ ይበልጥ ያቅለሸልሻል። ደረቅ ዳቦ፣ አጃ፣ ድንች የመሰለ ዘይት ያልነካው ነገር ይበቃል። ቡና ከለመዱ አንድ ሲኒ፣ ከምግብ በኋላ።

6. የሚጾሙ ከሆነ ቀኑን አስቀድመው ያስቡበት። ወፎቹ የሚበዙበት ወቅት ከፍልሰታ ጾም (ከኦገስት 7 እስከ 21) ጋር ይገናኛል፤ ረቡዕና አርብም አለ። ሳይበሉ እስከ ከሰዓት ባሕር ላይ መቆየት ከባድ ነው። ቅዳሜን ወይም ከፍልሰታ በኋላ ያለውን ሳምንት ይምረጡ፤ ሴፕቴምበር ከኦገስት ቢሻል እንጂ አያንስም።

7. ስንቅ። ዳቦ ቆሎ ለጀልባ የተፈጠረ ይመስላል፤ ደረቅ ነው፣ አይሸትም፣ ባንድ እጅ ይበላል። ቆሎ፣ የዝንጅብል ከረሜላ፣ ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ ይጨምሩ። ሽታ ያለው ምግብ ይዘው አይምጡ፤ አጠገብዎ የቆመውን ሰው የሚያስታውከው የእርስዎ ሳህን ሊሆን ይችላል። ሙዝ ለሆድ ጥሩ ነው፣ ግን አንዳንድ መርከበኞች ገደ ቢስ ነው ብለው ጀልባ ላይ አይወዱትም፤ ከመኪና ሳይወርዱ ይብሉት።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

ባይኖኩላር። 8 በ42 የሚባለውን (8 እጥፍ የሚያቀርበውን) ይያዙ። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የእጅዎን መንቀጥቀጥም 10 እጥፍ ያጎላል፣ የሚያሳየው ቦታም ጠባብ ነው። ውሃ የማያስገባ ይሁን። በእግር የሚቆም ቴሌስኮፕ ይዘው አይምጡ፤ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ከንቱ ነው፣ መተላለፊያም ይዘጋል።

ልብስ። ኦገስት ነው ብለው በቲሸርት አይምጡ። የሞንተሬይ ውሃ በበጋም ቀዝቃዛ ነው፣ ጭጋግ ይወርዳል፣ ጀልባዋ በራሷ ፍጥነት ነፋስ ትፈጥራለች። ሦስት ድርብ ይልበሱ፤ ላዩ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ይሁን። የማያንሸራትት የጎማ ጫማ፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ፣ ስስ ጓንት። ነጠላ፣ ሻርፕና ማሰሪያ የሌለው ባርኔጣ ባሕር ይወስዳቸዋል። የፀሐይ ቅባት ደመናማ ቀንም ይቀቡ።

ትንንሽ ነገር። ንጹሕ ውሃ የያዘች የመርጫ ጠርሙስ፣ ሁለት የሌንስ ጨርቅ (አንዱ በላስቲክ ተጠቅሎ ደረቅ ሆኖ ይቆይ)፣ ሁለት የወረቀት ከረጢት፣ እርሳስና ትንሽ ደብተር። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

ደረጃ 4፦ ጀልባ ላይ የሚቆሙበት ቦታ

1. ከ30 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ መድኃኒቱ ተውጦ ይሁን።

2. አፍንጫው ላይ አይሽቀዳደሙ። የጀልባዋ ፊት ወፍ ቶሎ ይታይበታል፤ ግን ከሁሉም በላይ የሚወረወረውና ውሃ የሚረጨውም እሱ ነው። ለሆድ የሚመቸው ከመሐል ወደ ኋላ ያለው ዝቅተኛው ወለል ነው። የሞተር ጭስ ወደዚያ የሚመጣ ከሆነ ወደ ሌላው ጎን ይሻገሩ፤ ጭሱ ብቻውን ያሳምማል።

3. ፀሐይ ከጀርባዎ እንድትሆን ያድርጉ። ፀሐይ ወደሚያብለጨልጭበት ጎን የሚያይ ሰው ሁሉም ወፍ ጥቁር ይሆንበታል። ጀልባዋ ስትዞር እርስዎም ጎን ይቀይሩ።

4. አንድ እጅ ለራስዎ፣ አንድ እጅ ለዕቃዎ። ሲራመዱ ባይኖኩላሩ አንገትዎ ላይ ይሁን፤ የብረት ድጋፉን ይያዙ። ደረጃ ላይ ቆመው አይመልከቱ። ጀርባዎን ወይም ዳሌዎን ለግድግዳ ወይም ለብረቱ አስደግፈው፣ ጉልበትዎን ትንሽ አጥፈው፣ እግርዎን ከፈት አድርገው ይቁሙ። ማዕበሉን ጉልበትዎ ይዋጠው፤ ወገብዎን ካደረቁ ባይኖኩላሩም አብሮ ይዘላል።

ደረጃ 5፦ የሰዓቱን አቅጣጫ መስማት

አስጎብኚው ወፍ ሲያይ በሰዓት ቁጥር ይጮሃል። ጀልባዋ እንደ ሰዓት ገጽ ትታሰባለች፦ አፍንጫዋ 12፣ ቀኙ 3፣ ኋላዋ 6፣ ግራው 9። ቁጥሩ ከጀልባዋ ጋር ይዞራል እንጂ እርስዎ ከቆሙበት ወይም ከሰሜን ጋር አይገናኝም።

አማርኛ ተናጋሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ አለ። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ «ሦስት ሰዓት» ሲል ጭንቅላታችን በልማድ ስድስት ይጨምርና ለወዳጃችን «ዘጠኝ ሰዓት ላይ!» ብለን እንተረጉማለን። ወዳጃችን ዘጠኝን ይዞ ወደ ግራ ይዞራል፤ ወፉ በቀኝ አለፈ። «አሥራ ሁለት» ያለውን «ስድስት» ካልን ደግሞ ሰውየው ከአፍንጫው ወደ ኋላ ይዞራል። ስህተቱ ሁልጊዜ ልክ ተቃራኒው ነው፤ ግማሽ ክብ።

ስለዚህ ሰዓት የሚለውን ቃል ጭራሽ ይተዉት። «ቁጥር 3» ይበሉ፣ ወይም «ቀኝ»፣ «ኋላ ግራ»። ከተሳፈሩ በኋላ ከአብሮ ሄያጅዎ ጋር አንድ ጊዜ እየጠቆሙ ይለማመዱ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ሦስት ነገር ይናገሩ፦ ርቀቱ (ቅርብ፣ መሐል፣ አድማስ ላይ)፣ የሚሄድበት (ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ)፣ ከፍታው (ውሃው ላይ፣ ከአድማስ በላይ)። «ያውና! ያውና!» ማንንም አይረዳም።

ደረጃ 6፦ ዓይን ይቅደም፣ ባይኖኩላር ይከተል

1. በባዶ ዓይን ይቃኙ። ዓይንዎን አድማሱ ላይ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ጀልባዋ ቀርበው መልሰው። ባይኖኩላር ይዞ ባሕር መቃኘት በቁልፍ ቀዳዳ ግቢ እንደ ማየት ነው፣ ሆድም ይረብሻል።

2. ወፍ ሲያዩ ዓይንዎን አይንቀሉ። ፊትዎን ወደ ወፉ እንዳደረጉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡ። ዕቃውን ለማየት ዝቅ ካሉ ወፉ ጠፋ፤ ባሕር ላይ ዛፍ የለም፣ ምልክት የለም፣ መልሰው አያገኙትም።

3. ካጡት ባይኖኩላሩን ያውርዱ። እንደያዙት ግራ ቀኝ አይፈልጉ። ወፉ ማዕበል ሲከልለው ይሰወራል፤ ሦስት አራት ሴኮንድ ይጠብቁ፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ቀድመው ይመልከቱ፣ ይወጣል።

4. ትኩረቱን አስቀድመው ያስተካክሉ። ጀልባዋ ከወደብ ስትወጣ ወደ 100 ሜትር ገደማ ያለ ነገር ላይ ያጥሩትና እዚያው ይተዉት።

5. ቦታ ይምረጡ። ወፍ ባሕር ላይ እኩል አይበተንም። የውሃው ቀለም በመስመር የሚለወጥበት፣ አረፋና የተነቀለ የባሕር አረም የተሰለፈበት፣ ዘይት እንደፈሰሰበት የለሰለሰ ውሃ፣ የሚመገቡ ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች፣ መረብ የሚስቡ የአሣ ጀልባዎች፤ ዓይንዎ እነዚህ ላይ ይዋል። ኋላንም አይርሱ። አልባትሮስ ብዙ ጊዜ ጀልባዋ ትታ የሄደችውን ነጭ መንገድ ተከትሎ ከኋላ ይመጣል፣ ሁሉም ሰው ፊት ለፊት እያየ።

ሌንሱ ላይ ጨው ሲደርቅ በጨርቅ ወይም በሸሚዝ አይጥረጉ፤ ጨው ብርጭቆ ይቧጭራል። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ይርጩበት፣ ይፍሰስ፣ ከዚያ በደረቁ ጨርቅ ንካ ንካ ያድርጉ።

ደረጃ 7፦ መለየት

ቀለም የመጨረሻው ይሁን። መጀመሪያ አበራረሩን፣ ከዚያ መጠኑን፣ በመጨረሻ ነጭና ጥቁር የሆነበትን ቦታ ይመልከቱ። ባሕር ላይ መጠን ያታልላል፤ ከአንድ ወፍ ጋር ሁልጊዜ ያወዳድሩ። መለኪያዎ ሱቲ ሺርወተር ይሁን፣ በወቅቱ በየቦታው ስለሚገኝ።

ሱቲ ሺርወተር። ስሙ ጥላሸታም ማለት ነው፣ ጥላሸትም ይመስላል። ክንፉ ሲዘረጋ 1 ሜትር ገደማ፣ ቀጭንና ደረቅ። ቶሎ ቶሎ አርገብግቦ ይንሳፈፋል፤ ሲጋደል የክንፉ ውስጥ ብር መስሎ ያበራል። የሚራባው ኒውዚላንድና ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ2006 የወጣ ጥናት በዓመት ወደ 64,000 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ አሳይቷል።

ፒንክ ፉትድ ሺርወተር። ከሱቲ ይገዝፋል፣ ክንፉን በዝግታ ያማታል፣ ላዩ ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። ከሱቲዎች መንጋ ውስጥ «ይሄ ሰነፍ ነው» የሚያስብልዎት እሱ ነው።

በለርስ ሺርወተር። ላዩ ግራጫ ሆኖ ከክንፍ እስከ ክንፍ ጥቁር ጥምዝ መስመር ያለበት፣ ሆዱ ጥርት ያለ ነጭ። ፀሐይ ከጀርባዎ ከሆነች አይሳሳቱትም።

እግረ ጥቁሩ አልባትሮስ። ክንፉ 2 ሜትር ያህላል፣ ጆፌ አሞራ የለመደ ዓይን መጠኑን ቶሎ ይረዳዋል። ነፋስ ካለ ለደቂቃዎች ክንፉን ሳያማታ ይሄዳል። መላ አካሉ ጥቁር ቡናማ፣ ምንቃሩ ዙሪያ ነጭ። ሃዋይ ደሴቶች ላይ የሚራባ ነው።

አሺ ስቶርም ፔትረል። 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ጥቁር ግራጫ፣ ጅራቱ ሹካ መሳይ። ውሃው ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ይርገበገባል። በሴፕቴምበርና ኦክቶበር በሺዎች ሆነው ውሃ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ከሩቅ ጥቁር ምንጣፍ ይመስላሉ።

መሬና ኦክሌት። እነዚህ አይንሳፈፉም፤ አጭር ክንፋቸውን እያንቀጠቀጡ ቀጥ ብለው ይበርራሉ። ኮመን መሬ ዳክዬ የሚያክል ጥቁርና ነጭ ነው። ካሲንስ ኦክሌት ጡጫ የምታክል ግራጫ ድቡልቡል ናት፤ ጠግባ ከሆነ ለመነሳት እየሞከረች ማዕበል ለማዕበል ትነጥራለች።

ፋላሮፕ። ትንሽ፣ ነጣ ያለ፣ ውሃ ላይ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር።

ጄገር። ቀማኛ ነው፤ ሌላ ወፍ አሳድዶ የያዘውን ያስጥለዋል። ክንፉ ጫፍ አጠገብ ነጭ ብልጭታ አለ።

ጀማሪ የሚሳሳትባቸው። ዌስተርን ጋል የተባለው የባሕር ዳር ወፍ ጎረምሳው ጥቁር ቡናማ ስለሆነ «ጄገር!» ያስጮሃል፤ ጋል ዘና ብሎ ነው የሚበረው፣ ጄገር እንደ ጭልፊት ኃይል አለው። ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ ይመጣል፦ ትልቅ መሬ ከአንድ ትንሽ ወፍ ጋር ይዋኛል፣ ትንሹን ሌላ ዝርያ አድርገው ይጽፉታል። ልጁ ነው። መሬ መብረር ያልቻለ ጫጩቱን ባሕር ላይ የሚያሳድገው አባትየው ነው።

ያልለዩትን «ያልታወቀ ሺርወተር» ብለው ይጻፉ። የተገመተ ስም ከባዶ መስመር ይከፋል።

ደረጃ 8፦ ፎቶ

ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። የሹተሩን ፍጥነት 1/2000 ሴኮንድ ያድርጉ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) በራሱ ይተዉት፣ አውቶፎከሱ ያለማቋረጥ የሚከተለው ይሁን። ሁሉም ፎቶ ውሃው ላይ ካተኮረ ማተኮሪያ ነጥቡን መሐል ወዳለችው ትንሽ ነጥብ ይቀንሱ። ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚረሳው፦ መጀመሪያ በባይኖኩላር ይዩት። በካሜራ ብቻ የታየ ወፍ ማታ ቤት ስክሪን ላይ ነው የሚታወቀው።

ደረጃ 9፦ ሲያቅለሸልሽዎት

ማዛጋት፣ ምራቅ መብዛት፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲጀምር ወዲያውኑ፦

1. ባይኖኩላር፣ ካሜራና ስልክ ያስቀምጡ።
2. ከታችኛው ክፍል ይውጡ። ውስጥ ገብተው መተኛት የሚሻል ይመስላል፤ ዓይን አድማስ ካላየ ግን ይብሳል።
3. ኋላ መሐል ላይ ቆመው አድማሱን ብቻ ይመልከቱ። ውሃ ፉት ይበሉ፣ ዝንጅብል ያኝኩ።
4. ካልቻሉ ነፋሱ ከጀርባዎ ወደ ውጭ በሚነፍስበት ጎን ብረቱን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ባሕር ያስመልሱ። በነፋሱ ፊት በፍጹም። ሽንት ቤት ውስጥም አይሆንም፤ የጀልባ ሽንት ቤት ጠባብና አየር የሌለው ነው፣ ወለሉም ከሁሉ በላይ የሚወዛወዝ ይመስልዎታል። ለጀልባው ሠራተኛ ይንገሩ፣ ለምደውታል።
5. ካስመለሱ በኋላ ብዙዎች ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሻላቸዋል። በዚያ ጊዜ ጥቂት ደረቅ ዳቦ ይቅመሱ። መድኃኒት አሁን መዋጥ እምብዛም አይረዳም፤ አይቆይምና።

ማንም አያፍርም። የድሮ መርከበኞችም ያስመልሳሉ።

ደረጃ 10፦ መዝገብና መመለስ

ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበትን ኢበርድ የተባለ የስልክ መተግበሪያ ከተጠቀሙ መንገዱን በጂፒኤስ እንዲከታተል ከወደብ ሳይወጡ ያስጀምሩት፤ ባሕር ላይ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። ለክፍት ባሕር ዝርዝሩ በየአንድ ሰዓቱ ተቆርጦ አዲስ ይጀመራል፤ 8 ሰዓቱን በአንድ ዝርዝር አያስገቡ፣ ወፉ ወደብ ላይ ይሁን ጥልቁ ላይ አይታወቅም። ትልቅ መንጋ ሲመጣ አሥር ወፍ ቆጥረው ያ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ይዩ፣ ከዚያ መንጋውን በዚያ ልክ ይስፈሩት።

ወደብ ሲደርሱ ባይኖኩላሩን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ ውሃ የማያስገባ ከሆነ ቧንቧ ሥር ሊይዙት ይችላሉ። መጠቅለያ ውስጥ እርጥቡን አይክተቱ። ካሜራውን በረጠበ ጨርቅ ብቻ ያብሱ።

መድኃኒት የወሰደ ሰው ወዲያው መሪ አይያዝ። ያልወሰደው ይንዳ፤ ሁሉም ወስዶ ከሆነ ወደቡ አጠገብ ቁጭ ብለው ምሳ ይብሉ፣ እንቅልፉ እስኪለቅ ይጠብቁ። ማታ አልጋ ላይ ሲተኙ ክፍሉ የሚወዛወዝ ከመሰለዎት አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ይለቃል።